ናኖ የተባለው የጉበት ካንሰር ሕክምና ምንድን ነው? እስካሁንስ የት ደርሷል?

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ «በናኖ ቴክኖሎጂ የጉበት ካንሰር ድራሹ ጠፋ» የሚሉ ቪዲዮዎች ከስልክ ስልክ እየተላለፉ ነው። ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ወሬው ይነሳል። ኮምቦልቻም ይወራል። ቤቱ የጉበት ታማሚ ያለበት ሰው ደግሞ ሰምቶ ዝም አይልም። «የት ነው የሚሰጠው? ስንት ይፈጃል? ቤት ሸጠንም ቢሆን ሕንድ እንውሰዳት ወይ?» ይላል። ቤት እስከመሸጥ የሚያደርስ ጥያቄ የተጣራ መልስ ይገባዋል።

መልሱን ከወዲሁ ላስቀምጠው። ናኖ አዲስ መድኃኒት አይደለም። ነባሩን መድኃኒት የሚሸከም እጅግ ትንሽ ማጓጓዣ ነው። ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ከ1995 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ቆይቷል። ከጉበት ለሚነሳው ካንሰር ግን ኬሞን (የካንሰር ህዋስን የሚመታውን መድኃኒት) በናኖ አድርጎ መስጠት በትልልቅ ሙከራዎች ተፈትኖ አላለፈም። ምርምሩ አልቆመም። ተስፋውም ባዶ አይደለም። ዛሬ ግን በገንዘብ የሚገዛ ፈውስ አይደለም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ከጉበቱ እንጀምር።

«የጉበት ካንሰር» ሲባል የትኛው ነው?

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከአንጀት ወይም ከጡት ተነስቶ ወደ ጉበት የተሰራጨ ነው። ሌላው ከጉበቱ ከራሱ የሚነሳው ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው። የሁለቱ ሕክምና ስለሚለያይ ሐኪሙን «ከጉበት የተነሳ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የመጣ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከጉበት የሚነሳው ካንሰር ደህና በነበረ ጉበት ላይ ድንገት ብቅ ማለቱ ብዙም የተለመደ አይደለም። ጉበቱ ለዓመታት ሲጎዳ ኖሯል። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሄፓታይተስ ሲ የተባለው ቫይረስ ሳይታወቅ ገብቶ ይቀመጣል። ጉበት ይቆስላል፣ ይድናል፣ መልሶ ይቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ሲደራረብ ጉበቱ ይጠነክራል፣ ይጨማደዳል። ይህ ሲሮሲስ ይባላል። ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው እዚህ ጠባሳ መሀል ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ሲሮሲስ ሳይመጣም ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። ከቫይረሶቹ ሌላ አልኮል፣ ስብ የተጠራቀመበት ጉበትና በሻገተ እህል ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝም ምክንያት ይሆናሉ።

በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 866,000 ሰው አዲስ የጉበት ካንሰር ተገኝቶበታል። በዚያው ዓመት ወደ 758,000 ሰው በዚሁ በሽታ ሞቷል። ሁለቱ ቁጥሮች እንዴት እንደተቀራረቡ ልብ በሉ። አንዱ ምክንያት በሽታው ዘግይቶ መገኘቱ ነው። ጉበት ብዙ ተጎድቶም ሥራውን አያቆምም፣ ሕመምም ቶሎ አያሳይም። ሆድ ውሃ ሲቋጥር፣ ሰው ሲከሳ፣ ከቀኝ ጎድን በታች ሲከብደው፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን ነገሩ ብዙ ሄዷል።

እኛ ጋ ደግሞ ዓይን ቢጫ ሲሆን «ወፍ ነው» ይባላል። ከዚያ መጀመሪያ የሚኬደው ሥር ወደሚሰጥ ሰው ዘንድ ነው። ዓይን ቢጫ የሚያደርጉ ብዙ በሽታዎች አሉ። አንዳንዶቹ በራሳቸው ይሽራሉ። ስለዚህ ሥሩ ያዳነ ይመስላል። ካንሰር ከሆነ ግን በዚያ መሀል የሚያልፈው ወር አይመለስም። ጸበሉም ዱዓውም ከአልትራሳውንዱ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ይችላል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ተራው ኬሞ ጉበት ላይ ምን ይቸግረዋል?

ዶክሶሩቢሲን የተባለውን መድኃኒት እንውሰድ። ከታወቁት የኬሞ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ደማቅ ቀይ ፈሳሽ ነው። ነርሷ ጓንት አድርጋ፣ መርፌው የደም ስሩን በደንብ መያዙን አይታ፣ ቀስ አድርጋ ትሰጠዋለች። ጥንቃቄው በከንቱ አይደለም። ከደም ስሩ አምልጦ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ሥጋውን ያቆስላል። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ለአንድ ሁለት ቀን ሽንቱ ቀላ ይላል። ደም መስሏቸው የሚደነግጡ አሉ። የመድኃኒቱ ቀለም ነው።

ዶክሶሩቢሲን ህዋሶች እንዳይራቡ ያደርጋል። የካንሰር ህዋስ በፍጥነት ስለሚራባ ይመታዋል። ነገር ግን የፀጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋንና ደም የሚያመርተው መቅኔም በፍጥነት የሚራቡ ህዋሶች አሏቸው። ፀጉር የሚረግፈው፣ የሚያስመልሰው፣ የደም መጠን የሚወርደው ለዚህ ነው። የልብ ጡንቻንም ይጎዳል። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ሊወስድ የሚችለው ዶክሶሩቢሲን ጣሪያ አለው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የተፈጨ በርበሬ ሸራ ሳይለብስ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል እንበል። በየመታጠፊያው ነፋስ ይበትነዋል። መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ያስነጥሳል፣ ዓይኑ ያነባል። ደሴ ባለቤቱ ደጅ የሚራገፈው የተረፈው ነው። ተራው ኬሞ በደም ውስጥ የሚጓዘው እንዲህ ነው። ናኖ ማለት ያንኑ በርበሬ በደንብ በታሰረ ከረጢት አሽጎ መላክ ነው። ዓላማው አድራሻው ጋ ሲደርስ ብቻ እንዲፈታ ነው። በርበሬው ያው ነው። የተቀየረው አጫጫኑ ነው።

ጉበት ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። መድኃኒቱን ሰባብሮ ከሰውነት የሚያስወጣው ጉበቱ ራሱ ነው። የታመመ ጉበት ይህን ሥራ በአግባቡ አይሠራም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቆያል፣ ጉዳቱም ይበረታል። ሐኪሙ መጠኑን ለመቀነስ ይገደዳል። መጠኑ ሲቀንስ ደግሞ ካንሰሩ ይተርፋል። በዚያ ላይ የጉበት ካንሰር ህዋሶች የገባባቸውን መድኃኒት ወደ ውጭ የሚገፉ ፓምፖች በሽፋናቸው ላይ አሏቸው። ተራው ኬሞ በጉበት ካንሰር ላይ ብዙም ውጤት ያላሳየው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ተመራማሪዎች ወደ ናኖ የዞሩትም ለዚሁ ነው።

ከረጢቱ ከምን ይሠራል?

ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይሆናል። ዶክሶሩቢሲን የሚጫንበት ቅንጣት ግን ወደ 100 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዓይን አይታይም። በተራ ማይክሮስኮፕም በቅጡ አይለይም።

በጣም የታወቀው ዓይነት ሊፖሶም ይባላል። የሚሠራው ከቅባት ነው። የህዋሶቻችን ሽፋን ከተሠራበት ቅባት ጋር ይመሳሰላል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ ይህ ቅባት ውሃ ውስጥ ሲገባ በራሱ እየተጠቀለለ ውስጡ ውሃ የያዘ ትንሽ ኳስ እንደሚሆን አሳየ። ውስጡ ባዶ ቦታ ካለ መድኃኒት ይጫንበታል ማለት ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። መድኃኒቱ ሳያፈተልክ እንዲቀመጥ ማድረግ ግን ዓመታት ፈጀ። ኢየሩሳሌም ላይ ይሠሩ የነበሩት የኬዝኬል ባረንሆልዝና አልቤርቶ ጋቢዞን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር መፍትሔውን አገኙ። ዶክሶሩቢሲኑ ኳሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ጠጥሮ እንዲቀመጥ አደረጉ። የጠጠረ ነገር ደግሞ በቀላሉ አያመልጥም። አንዱ ኳስ ከ10,000 በላይ የመድኃኒቱን ሞለኪዩሎች ይይዛል።

የቅንጣቱ ውጪም ሥራ አለው። ፔግ የተባለ ውሃ ወዳድ ነገር ይለበጥበታል። ይህ ልባስ የሰውነት መከላከያ ህዋሶች ቅንጣቱን ቶሎ እንዳያውቁት ያደርጋል። በዚህም መድኃኒቱ በደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ያልታሸገው ዶክሶሩቢሲን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ወጥቶ ወደ መላው አካል ይሰራጫል።

ይህ መድኃኒት ዶክሲል በሚል ስም በ1995 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። መጀመሪያ የተፈቀደው ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚመጣው ካፖሲ ሳርኮማ ነበር። በኋላ ለማህፀን ዕንቁላል ዕጢ ካንሰርም ተፈቀደ። ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከተራው ዶክሶሩቢሲን ያነሰ ነው። የራሱ ጉዳት ግን አለው። መዳፍና የእግር መረገጫ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይላጣል። በ2005 ፓክሊታክሰል የተባለው ኬሞ አልቡሚን ከተባለ የደም ፕሮቲን ጋር ተደርጎ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። በ2015 ደግሞ በሊፖሶም የታሸገው ኢሪኖቴካን የተባለ ኬሞ ለቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር መጣ። የፋይዘርን የኮቪድ ክትባት የተከተበ ሰውም ከቅባት የተሠራ ናኖ ቅንጣት ክንዱ ላይ ተወግቷል። ናኖ ሲባል ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ካንሰሩን በምን ያውቀዋል?

ቪዲዮዎቹ ላይ ቅንጣቱ ካንሰሩን እያደነ ሲመታ ይታያል። ቅንጣት ግን ዓይን የለውም፣ አያድንም። ደም ወደወሰደው ይሄዳል።

ታዲያ እንዴት ካንሰሩ ጋ ይደርሳል ተባለ? በ1986 ማትሱሙራና ማዬዳ የተባሉ ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ዕጢ፣ ማለትም የካንሰሩ እብጠት፣ በችኮላ ያድጋል። ደም ስሮቹንም በችኮላ ይሠራል። በችኮላ የተሠሩት ደም ስሮች ያፈሳሉ። ከጤነኛ ደም ስር የማይወጣ ትልቅ ነገር ከዕጢው ደም ስር ሾልኮ ይወጣል። ዕጢው ውስጥ ያለው የፍሳሽ ማስወገጃም ደካማ ስለሆነ የገባው ነገር እዚያው ይቀራል። ለሠላሳ ዓመት ያህል አብዛኛው የናኖ ምርምር የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ሐሳቡ አይጥ ላይ ጥሩ ሠራ። አይጥ ላይ የሚተከል ዕጢ በሳምንታት የሚያድግ፣ ከአይጡ ክብደት አንጻር ግዙፍ የሆነና በጣም የሚያፈስ ነው። የሰው ዕጢ ግን ዓመታት ወስዶ ያድጋል። ከሰው ሰው ይለያያል። አንድ ሰው ውስጥ ያሉ ሁለት ዕጢዎችም አይመሳሰሉም። በ2016 ቶሮንቶ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የታተሙ ብዙ የእንስሳት ጥናቶችን ሰብስበው አሰሉ። በደም ከተሰጠው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው መካከለኛው መጠን 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ አንድም አይሞላም።

ይህ ቁጥር ብዙ ሰው አስደንግጧል። «ቁጥሩ ብቻውን መድኃኒቱን ከንቱ አያደርገውም፣ ከተራው ኬሞ ጋር ሲነጻጸር ነው መታየት ያለበት» ብለው የተከራከሩም ነበሩ። ክርክሩ ጤናማ ነው። ለእኛ ግን አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል። «በቀጥታ ካንሰሩ ላይ ብቻ ያርፋል» የሚለው የቪዲዮ አነጋገር እውነት አይደለም።

የቀረው 99 በመቶ የት ሄደ? ብዙው ጉበት ውስጥ ነው የገባው።

እንግዲያው ለጉበት ካንሰር አይመችም?

ይህ ጥያቄ ለማንም የሚመጣ ነው። ቅንጣቱ ጉበት የሚወድ ከሆነ የጉበት ካንሰር ቀላሉ ዒላማ መሆን ነበረበት። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ረጋ ብለን እንየው።

ጉበት የደም ማጣሪያ ነው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የደም መተላለፊያዎች ግድግዳቸው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት 100 ናኖሜትር አካባቢ ነው። በእነዚያ መተላለፊያዎች ውስጥ ኩፕፈር የሚባሉ ህዋሶች ተቀምጠዋል። ሥራቸው በደም የሚመጣውን ባዕድ ነገር መዋጥ ነው። ባክቴሪያ ሲያልፍ ይውጣሉ። ያረጀ ቀይ የደም ህዋስ ይውጣሉ። ናኖ ቅንጣትም ለእነሱ ባዕድ ነገር ነው። በርበሬያችንን ብናስታውስ፣ ከረጢቱ ደሴ ከተማ ገብቷል። ነገር ግን ኬላው ላይ ተይዞ ቀርቷል። ከተማው ውስጥ መድረስና ባለቤቱ ቤት መድረስ አንድ አይደሉም።

ዕጢው ውስጥ እንዲህ ያለው የጤነኛ ጉበት አሠራር የለም። ስለዚህ ቅንጣቱን በብዛት የሚይዘው ጤነኛው የጉበቱ ክፍል እንጂ ዕጢው አይደለም። ሲሮሲስ ሲኖር ደግሞ እነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ መተላለፊያዎቹም በጠባሳ ይጨናነቃሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ደህና ጉበት ባለው አይጥ ላይ የሠራው ነገር ጠባሳ በሞላበት የሰው ጉበት ላይ የማይደገመው አንዱ ለዚህ ነው።

ጤነኛውን የጉበት ህዋስ ለማግኘት ከሆነ ናኖ በእርግጥ ተሳክቶለታል። በ2018 ፓቲሲራን የተባለ መድኃኒት በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቅዷል። በዘር ለሚተላለፍና ነርቭን ለሚጎዳ በሽታ የሚሰጥ ነው። በቅባት ቅንጣት ተጭኖ ጉበት ህዋስ ውስጥ ይገባና በሽታውን የሚያመጣውን ፕሮቲን እንዳይመረት ያደርጋል። ካንሰር ላይ ግን ህዋሱ ራሱ ተለውጧል፣ አካባቢውም ሌላ ነው።

አሁን ከሚሞከሩት ዘዴዎች አንዱ ቅንጣቱ ላይ መለያ መለጠፍ ነው። የጉበት ህዋሶች በላያቸው ላይ ጋላክቶስ የተባለውን የስኳር ዓይነት የሚይዝ ተቀባይ አላቸው። ቅንጣቱ ጋላክቶስ ከተለጠፈበት ተቀባዩ ይይዘዋል። ችግሩ ጤነኛውም ህዋስ ያው ተቀባይ አለው። በጣም የከፋው ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህን ተቀባይ እየጣለ ይሄዳል። ስለዚህ መለያው ቅንጣቱን ደህና ወደሆነው ህዋስ ሊወስደው ይችላል።

በሰው ላይ ተሞክሮ ምን ተገኘ?

ሁለት ትልልቅ ሙከራዎችን መናገር ያስፈልጋል። ቪዲዮዎቹ እነዚህን አያነሱም።

የመጀመሪያው ሊቫታግ የተባለው ነው። ዶክሶሩቢሲን በናኖ ቅንጣት ተጭኖ፣ ህዋሱ መድኃኒቱን በፓምፕ እንዳያስወጣው ታስቦ የተሠራ ነበር። ሙከራው 397 ታማሚዎችን ያካተተ ነበር። ሶራፌኒብ የተባለውን የካንሰር ክኒን ወስደው ያልሠራላቸው ወይም ያልተስማማቸው ናቸው። አብዛኞቹ ናኖውን ወሰዱ። የቀሩት ሐኪሞቻቸው ይሻላል ያሉትን ሌላ ሕክምና አገኙ። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ናኖውን የወሰዱት መካከለኛ የመኖር ጊዜ 9.1 ወር ሆነ። ሌላውን የወሰዱት 9.0 ወር። ልዩነት የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ቴርሞዶክስ ነው። ሐሳቡ ያምራል። ሊፖሶሙ ሙቀት ሲነካው እንዲፈታ ተደርጎ ተሠራ። ዕጢው በመርፌ በኩል በሬዲዮ ሞገድ ሲቃጠል ዙሪያው ይሞቃል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ከረጢቱ ይፈታና መድኃኒቱ እዚያው ይፈሳል። ቃጠሎው ያልደረሰበትን የዕጢውን ጠርዝ ይጨርሳል ተብሎ ነበር። 701 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ በ2013 ግቡን እንዳልመታ ተነገረ። ተመራማሪዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። ውጤቱን መልሰው ሲያዩት ዕጢያቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተቃጠለላቸው ታማሚዎች የተሻለ ሆነው ታዩአቸው። በዚያ ተመርተው 556 ታማሚዎች ያሉበት ሌላ ሙከራ አደረጉ። እሱም በ2020 ጥቅም እንደማያሳይ ታወቀ።

እነዚህን ውድቀቶች የማነሳው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በእነዚህ ሙከራዎች ከ1,600 በላይ ታማሚዎች ገብተዋል። የራሳቸው ሕይወት አደጋ ላይ እያለ ለሌላው የሚሆን እውቀት ትተዋል። ያንን ደብቆ «ናኖ አዳነ» ማለት እነሱንም መበደል ይመስለኛል።

ዛሬ ሐኪሞች የሚሰጡት ሕክምና የትኛው ነው?

ዕጢው ትንሽ ከሆነና ጉበቱ አቅም ካለው ቆርጦ ማውጣት ወይም በሙቀት ማቃጠል ይቻላል። ባደጉ አገሮች ጉበት መቀየርም አለ። ካንሰሩ ከተሰራጨ ከ2007 ጀምሮ ሶራፌኒብ የተባለው ክኒን አለ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባሉ ሁለት መርፌዎች አንድ ላይ ሲሰጡ ከሶራፌኒብ የተሻለ ዕድሜ እንደሚያስገኙ ተረጋግጧል። የመጀመሪያው የሰውነት መከላከያን ካንሰሩ ላይ ያነሳሳል። ሁለተኛው ዕጢው አዲስ ደም ስር እንዳይሠራ ይከለክላል። ሁለቱም ናኖ አይደሉም። ዋጋቸው ግን እጅግ ከባድ ነው።

በመሀል ያለው አንድ ሕክምና ግን መድኃኒቱን ዕጢው ጋ ብቻ የማድረስን ሐሳብ ያለ ናኖ የሚሠራ ነው። ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። ሦስት አራተኛው ያህል ከአንጀት በሚመጣው ትልቅ ደም ስር ይገባል። ሩቡ ከልብ በሚመጣው ደም ቅዳ ነው። ዕጢው ግን ደሙን የሚወስደው ከሞላ ጎደል ከደም ቅዳው ብቻ ነው። ሐኪሙ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በኤክስሬይ እያየ፣ ዕጢውን እስከሚመግበው ቅርንጫፍ ድረስ ይወስዳል። ዶክሶሩቢሲኑን እዚያ ይለቃል። ከዚያ ደም ስሩን ይዘጋዋል። ዕጢው መድኃኒት ጠጥቶ፣ ደም አጥቶ ይቀራል። ጤነኛው ጉበት ግን በሌላኛው መግቢያ ደም ያገኛል። በ2002 ከባርሴሎና በወጣ ጥናት፣ ይህን ሕክምና ካገኙት ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 63 በመቶ ነበሩ። ካላገኙት 27 በመቶ። ለሁሉም ታማሚ ግን አይሆንም። ጉበቱ በጣም ከተዳከመ ደም ስር መዝጋቱ ራሱ አደጋ አለው።

ደሴ ላይ ሆኖ «ናኖ ይምጣልኝ» ለሚል ሰው

መጀመሪያ የሚሸጡልዎትን ይለዩ። የናኖ ኬሞ በደም ስር፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በባለሙያ የሚሰጥ ነው። ዶክሲል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። በላስቲክ የመጣ ዱቄት፣ «የናኖ ውሃ»፣ በጠብታ የሚሸጥ ብር መሳይ ነገር ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። የታመመ ጉበት ደግሞ የማይታወቅ ነገርን የማጣራት አቅም የለውም።

«ሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ነው፣ ግን ይክፈሉ» የሚል ሰው ካጋጠመ ጠንቀቅ ማለት ነው። በሥርዓት የሚካሄድ ምርምር የተመዘገበ ነው። የስምምነት ቅጽ ያስፈርማል። ጉዳቱን በጽሑፍ ይነግራል። ለሚሞከረው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ታማሚውን አያስከፍልም።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሪፈር ተጽፎለት ጥቁር አንበሳ የሚሄድ ሰው ሄዶ «ሲቲ ስካኑስ?» ተብሎ ባዶ እጁን እንዳይመለስ የምርመራ ፊልሞቹን፣ የደም ውጤቶቹን፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ወስዶ ከሆነም ይናገር። ሐኪም ለመቆጣት አይደለም የሚጠይቀው። የጉበቱን ሁኔታ ለመረዳት ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ደግሞ ዋናው ጥያቄ «ናኖ አለ ወይ?» አይደለም። «ዕጢው ስንት ነው፣ መጠኑስ? ጉበቴ ምን ያህል አቅም አለው? ቫይረስ አለብኝ ወይ?» የሚሉት ናቸው። የሕክምናውን ዓይነት የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ቫይረሱና ሻጋታው ላይስ ምን ማድረግ ይቻላል?

ብዙ። ይህኛው ደግሞ ኮምቦልቻና ደሴ ላይ ዛሬ የሚሠራ ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ከሌሎቹ ክትባቶች ጋር በአንድ መርፌ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው አልተከተበም። ክትባቱ ካንሰርን እንደሚከላከል በታይዋን ታይቷል። እዚያ በ1984 ለሕፃናት መስጠት ተጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግማሽ ገደማ ቀነሰ።

አፍላቶክሲን ደግሞ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ሲሻግቱ ይመጣል። በቆላው ወሎ ማሽላ በጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ እርጥበት ሲያስገባ ዳር ዳሩ ያለው እህል ይጠቁራል፣ ይያያዛል፣ ሽታው ይለወጣል። ብዙ ሰው ያንን አጥቦ፣ አስጥቶ ያስፈጨዋል። መርዙ ግን በመታጠብና በመፍላት ተጠራርጎ አይሄድም። እንጀራ ሲጋገርም ይተርፋል። ሻንጋይ ላይ የተደረገና በ1990ዎቹ የወጣ ጥናት አፍላቶክሲኑም ሄፓታይተስ ቢውም ያለበት ሰው ሁለቱም ከሌሉበት ይልቅ በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ወደ 60 እጥፍ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቫይረሱ ብቻ ሲሆን 7 እጥፍ ነበር። እህሉን በደንብ አድርቆ ማስገባት፣ በርበሬን መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ማስጣት፣ የሻገተውን ለይቶ መጣል እንግዲህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራው ቀላል ነው። ከጣት ወይም ከክንድ ትንሽ ደም ይወሰዳል። ቀጭን ወረቀት ላይ ጠብ ይደረጋል። ትንሽ ጠብቆ መስመሩን ማየት ነው። ቫይረሱ የሌለበት አዋቂ ሰው መከተብ ይችላል። የተገኘበት ደግሞ የግድ ይሞታል ማለት አይደለም። ሐኪሙ የቫይረሱን መጠንና የጉበቱን ሁኔታ አይቶ ካስፈለገ ቴኖፎቪር የተባለውን ክኒን ያዝዝለታል። ክኒኑ ቫይረሱን ያፍናል፣ በካንሰር የመያዝ ዕድልንም ይቀንሳል። ሲሮሲስ ያለባቸው፣ ወይም ሄፓታይተስ ቢ ኖሮባቸው ሐኪም ክትትል ያዘዘላቸው ሰዎች ሕመም ባይሰማቸውም በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣሉ። ዕጢ ከተነሳ ገና ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ የሚገኘው በዚህ ክትትል ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ዕጢ ደግሞ ተቆርጦ ሊወጣ ወይም ተቃጥሎ ሊጠፋ ይችላል።